በሞቴ ቁጭ በይ

አለሙ ደውሎ «ምስራቅ፣ እህቴ አረፈች» ሲለኝ ገና ከአልጋዬ አልወረድኩም ነበር። ሰላምታ የለ፣ «እንዴት አደራችሁ» የለ፣ ጎረቤት ሰብስቦ መላክ የለ። በእኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌ ይፈለጋል፣ ማልዶ በር ላይ ይቆማል፤ ለሩቅ ዘመድ ደግሞ «ትንሽ አሟታል» እየተባለ ሳምንትና ወር ይገፋል። አለሙም ያፈረ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ምን ላድርግ፣ እሷ ናት እንዲህ በል ያለችኝ፣ ዙሪያ ጥምጥም እንዳልሄድ አስምላኛለች አለ። አለቀስኩ፤ ከለቅሶዬ መሃል ግን ሳቅ መጣብኝ። በላይነሽ ይህን መሐላ ለምን እንዳስማለችው የማውቅ ሰው ነኝ።

ያረፈችው በዚያ በድሮው በሽታዋ አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ያ በሽታ አንዴ ከሄደ በኋላ ተመልሶ ደጇን አልረገጠም። ጡረታ ወጥታ፣ ትውልድ መንደሯ ማንኪራ ገብታ፣ የአባቷን ቡናና የንብ ቀፎ እየተንከባከበች፣ ሽበቷን በሻሽ ሸፍና ከቤት ቤት እየዞረች ነው ያረጀችው። የክረምቱ ብርድ ሳንባዋን ያዘው፣ ብዙም አላሰቃያት፣ ሄደች። ሐዘኔ ሐዘን ነው፤ ቁጭት ግን የለበትም።

የተዋወቅነው ዞኑ ገና ከፊቾ ሸኪቾ ይባል በነበረበት ዘመን ነው። ቦንጋ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እኔ ታይፒስት ነበርኩ፣ እሷ ደግሞ የቤት ኑሮ ባለሙያ። ቤታችንም አጥር ለአጥር ነው። በዕድሜ ብዙ ትበልጠኛለች፤ «እትዬ» ስላት ትቀበላለች፣ «አንቱ» ስላት ግን «ማንን አሮጊት ልታደርጊ ነው?» ብላ ትቆጣለች። ሥራዋ ከገጠር ገጠር እየዞረች እናቶችን ማስተማር ነበር፤ ጭስ የማይበዛበት ምድጃ አሠራር፣ የጓሮ አትክልት፣ የሕፃናት ምግብ። እስከ ቢታ ገነት፣ እስከ ደካ ትወርዳለች። መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲቀበር ሌሎቹ ሹፌሩን ከበው ሲጨቃጨቁ እሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ መንገድ ትጀምራለች። መኪናው ተጎትቶ ሲደርስ ሰዎቹ እሷን ትምህርት ጨርሳ ነው የሚያገኟት።

ያቺ ሴት ናት እንግዲህ ግራ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘችው። ለማንም ሳትናገር ከራረመች፤ ከዚያ ጅማ ሄደች፣ ከጅማ አዲስ አበባ ላኳት። ጡቷ ተቆርጦ ወጣ። መድኃኒቱም ተጀመረ፣ ፀጉሯም አለቀ፣ ብዙ ወራት እዚያ ቆይታ ስትመለስ መናኸሪያው በሰው ተሞልቶ ጠበቃት። ሞታ የተነሳች ያህል ነው የተቀበልናት። ማንኪራ ያሉት እናቷ እማማ ወለቴ ግን ምንም አልሰሙም። በላይነሽ ራሷ ናት የከለከለችው። እናቷ አርጅተዋል፣ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፣ ልባቸውም ደካማ ነው፤ ድኜ ራሴ እነግራታለሁ አለች። ወንድሟ አለሙ እናቱ በጠየቁት ቁጥር «ሥራ በዝቶባት ነው» ይል ጀመር።

የአዲስ አበባው ሐኪም ሲያሰናብታት ለጊዜው እረፍት አድርጊ ብሏት ነበር። እኛ ይህን ቃል ይዘን ምን እንዳደረግን ልንገራችሁ። ውኃ ልቅዳ ብትል «በሞቴ ቁጭ በይ!»፤ ደጅ ልጥረግ ብትል «እኔ ልሙትልሽ፣ ምን ልሁን ብዬ?»፤ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ብትል «እግዚአብሔር ያለሽበት ቤት ድረስ ይመጣል»። ልብሷን እኔ አጥባለሁ፣ ወጧን የፊት ለፊቷ እትዬ ዘነበች ትሠራለች፣ እንጨቷን የእድሩ ሴቶች ያመጣሉ። መሥሪያ ቤትም ስትመለስ ገጠር መውጣት ቀርቶ መዝገብ ቤት ተመደበች፤ ኃላፊያችን ከራሱ ቢሮ ስፖንጅ ያለው ወንበር አውጥቶ ሰጣት። ፋይል ልታወርድ ስትነሳ ከሦስት ጠረጴዛ ሰው ይነሳል። ከቤት ወንበር ወደ ቢሮ ወንበር፣ ከቢሮ ወንበር ወደ ቤት ወንበር። ያም ሆኖ ጭቃ ያላቆማት ሴት በዓይናችን ሥር ትከስም ጀመር። እግሯ ከዳት። ጥቂት ስትራመድ ታለከልካለች፣ ክንዷ አበጠ፣ ሳቋ ጠፋ። እኛ ደግሞ ይህን ባየን ቁጥር ትራስ እንጨምርላታለን።

አንድ ቀን «የስንት ሰው ሞት ታቅፌ እንደተቀመጥኩ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ሁሉም በሞቴ ይለኛል። ብነሳ ከተማው ማለቁ ነው።»

ለቀጠሮ አዲስ አበባ ተመልሳ ስትሄድ ሐኪሙ ቀኑን እንዴት እንደምታሳልፍ ጠየቃት። «ቁጭ ብዬ ነዋ» አለችው። «ማታስ?» ቢላት «ቁጭ ብዬ።» ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ እረፍቱ ለቁስሉ ነበር፣ ቁስሉ ከዳነ ቆይቷል፣ አሁን ያደከመሽ መቀመጡ ነው አላት። በየቀኑ እንድትራመድ፣ ክንዷንም እንድታፍታታ ነገራት። ግድግዳ አጠገብ ቆማ ጣቶቿን እንደ ሸረሪት ወደ ላይ እያስኬደች እንድትለማመድ አሳያት።

ይህን ይዛ ቦንጋ ስትገባ ማን ሊያምናት! እትዬ ዘነበች ሐኪሙ ዕድሜው ስንት እንደሆነ ጠየቀች፤ ወጣት ነው ስትባል «አላልኳችሁም? ገና ልጅ ነው፣ የወለደ አይደለም» ብላ ነገሩን ዘጋችው። በላይነሽ መዝገብ ቤት ግድግዳ ላይ ጣቶቿን ሽቅብ ስታስኬድ ያዩ ሰዎች ደግሞ በሽታው ጭንቅላቷ ላይ ወጣ ብለው አዘኑ። እሷ ግን ግድግዳውን አልተወችም። በኖራው ላይ የጣቶቿ አሻራ መጀመሪያ ትከሻዋ ድረስ፣ በኋላ ጆሮዋ ድረስ መጣ። መራመዱ ነው ያቃታት። ከበር ስትወጣ አንዱ ይመልሳታል፤ የሚወዳትን ሰው ገፍታ የምትሄድ ሴት አይደለችም፣ ልቧም ደክሞ ነበር፣ ትመለሳለች።

በዚህ ሁኔታ ሳለን ነው አንድ ቅዳሜ አለሙ ለገበያ ማር ይዞ የመጣው። እኔም እዚያው ነበርኩ። ደስ ብሎት ነው የገባው። እናታችን ለመደች፣ ስለ አንቺ መጠየቅ ትታለች፣ አሁን እኔም ከውሸት አረፍኩ አላት። በዚያ ላይ መንፈሷም ወደ እግዚአብሔር አዘንብሏል፣ በቀደም አንድ ገንቦ ማር ለቤተ ክርስቲያን ስጥልኝ ብላ ላከችኝ፣ ለማን መታሰቢያ ነው ብላት ዝም አለችኝ አለ።

በላይነሽ ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ በቀስታ «አለሙ፣ እናታችን ቀብራኛለች» አለችው።

እሱም እኔም ወዲያው አልገባንም። እሷ ናት ያስረዳችን። «ሥራ በዝቶባት ነው» ለስንት ጊዜ ይሠራል? ሁለት መኸር አለፈ፣ ሁለት ፋሲካ አለፈ፣ ማንኪራ ደግሞ ከቦንጋ የእግር መንገድ ነው። በአገራችን ልጅ ሞቶ ለእናት ሲደበቅ ከዚህ ሌላ ምን ይባላል? አሮጊቷ መጠየቅ ያቆሙት ለምደው ሳይሆን መልሱን አውቄዋለሁ ብለው ነው። ልጃቸው ሞታለች፣ ወንድሟ መንገር አቅቶታል፣ እሳቸው ደግሞ ቀኑን ይጠብቃሉ። ማሩ የተዝካር ማር ነበር።

አለሙ ራሱን ይዞ ተነሳ። አሁኑኑ ሄጄ ታማ ነበር እንጂ በሕይወት አለች እላታለሁ አለ።

«‹ታማለች›ማ የመርዶ በር ነው» አለችው። «ምንጊዜም እሱ ነው ቀድሞ የሚባለው። እንዲያ ካልካት ነገ ይመጣል ብላ ነጠላዋን ትዘቀዝቃለች።»

በበቅሎ ልውሰድሽም አላት። አልተቀበለችውም። እናቷ ዓይናቸው ባያይም ጆሯቸው ይሰማል፤ በእግሯ እየበረረች ትገባ የነበረች ልጅ ተጭና ስትመጣ የበቅሎውን ኮቴ ከሰሙ ልትሞት ነው ያመጧት ነው የሚሉት። ሌላ መንገድ የለም። በእግሯ ሄዳ በሩ ላይ መቆም አለባት። ይህን ስትል ከወንበሯ ለመነሳት ሁለት እጇን ተደግፋ ነበር፤ ግራ እጇ ደግሞ አቅም አልነበረውም። እናቷ እንደዚያ እያዘኑ ቢሞቱስ? ያን ቀን ሦስታችንም ያሰብነው ይህንኑ ነው።

በማግስቱ እትዬ ዘነበች እንደ ወትሮዋ ልትጠይቃት መጣች። ተጫውታ ስትነሳ በላይነሽም ተነሳች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጠቀች። ይህን ካየሁ ዘመን ሆኖኝ ነበር።

«ወዴት ነው?» አለች ዘነበች።

«ልሸኝሽ ነዋ።»

«በሞቴ ቁጭ በይ!»

«እንግዳ ቁጭ ብዬ ሳሰናብት እስከ ዛሬ ታግሳችሁኛል። ከእንግዲህ አሳዳጊ የበደላት ልባል?»

ሕመም ቢሆን ኖሮ ዘነበች መቶ መልስ ነበራት፤ ደንብ ነው ሲሏት መንገድ ለቀቀች። በላይነሽ እስከ አጥሩ ሸኘቻት። በሚቀጥለው ቀን እስከ መንገዱ፣ ከዚያ እስከ ዘነበች ደጅ። ዘነበች ደግሞ ደጇ ስትደርስ የታመመች ሴት ብቻዋን እንዴት ትመለስ? መልሳ ትሸኛታለች። የበላይነሽ በር ላይ ሲደርሱ ዘነበች «እንዲህ ለፍተሽ መጥተሽማ ብቻሽን አትሄጂም» ትባላለች፤ ይመለሳሉ። ዘነበች ወፍራም ናት፣ ጉልበቷንም ያማታል። እኔ አጥር ላይ ተደግፌ ሁለቱ ሴቶች ያቺን መንገድ ሲመላለሱባት እያየሁ ሆዴ እስኪቆስል እስቅ ነበር። አንዱን ቀን ዝናብ ገላገላቸው።

ወሬው ሲሰማ ጠያቂ ቀነሰ። እሷ ቤት የሚሄድ ሰው መመለሻውን በእግሩ እንደሚያስረዝም ገባውና ሰነፉ ቀረ። የሚመጡት እግር ያላቸው ብቻ ሆኑ፤ እነሱን እስከ ገበያው፣ እስከ ድልድዩ፣ አልፎም ሽቅብ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ትሸኛለች። መሥሪያ ቤትም አልቀረላቸውም። ፋይል ሊያስመረምር የመጣ ባላገር ጉዳዩ ሲያልቅለት በላይነሽ እስከ ግቢው በር፣ አንዳንዴም እስከ አስፋልቱ ታደርሰዋለች። የሠራተኛ ግምገማ ሲመጣ አንዱ ባልደረባችን እጁን አውጥቶ ወይዘሮ በላይነሽ በሥራ ሰዓት ወንበራቸው ላይ አይገኙም ብሎ ሂስ ሰነዘረ። ሁሉም ምን ትል ይሆን ብሎ ዞሮ አያት።

«ሂሱን ውጫለሁ» አለች። «ወንበሩን ለሂስ አቅራቢው ስጡልኝ።»

ኃላፊው ሳይቀር ሳቀ። ወንበሩም እውነትም ለሰውየው ተሰጠው፤ ጀርባዬን አሞኛል እስኪል ድረስ ደስ ብሎት ተቀመጠበት። የበላይነሽ የጣት አሻራ ግን በዚያ ሰሞን ከራሷ በላይ ወጥቶ ነበር። ፊቷ ተመለሰ፣ የክንዷም እብጠት ቀለለ። ነገር መቆስቆስም ጀመረች፤ ማታ ማታ የምሰፋውን ልብስ ባሳየኋት ቁጥር «ይሄን ቀሚስ ለኔ ልክ ስትቆርጪው አንድ ወገኑን ቆጥቢ» ትለኛለች፣ እኔ ስደነግጥ እሷ ትስቃለች።

ኅዳር ላይ፣ ቡናው ሲቀላ፣ ወደ ማንኪራ ተነሳን። አለሙ፣ እሷና እኔ። አለሙ ለዕቃ ነው ብሎ በቅሎዋን አስከትሏል፤ ዕቃችን አንድ ዘንቢል ነበር፣ ሁላችንም ለማን እንደመጣች እናውቃለን። ጠዋት ቁልቁለቱን በጨዋታ ወረድነው። ጫካው ውስጥ ስንገባ መንገዱ ይረጥባል፣ ሥሩ ይጠላልፋል፣ ጉሬዛ ከላይ ቅርንጫፍ ይሰብርብናል። ሽቅብ ሲሆን በላይነሽ ማላብ ጀመረች። ስትደክም ዛፍ ትደገፋለች እንጂ አትቀመጥም፤ ከተቀመጥኩ አልነሳም ትላለች። እኔ «በሞ...» ልላት አፌን ስከፍት አየችኝ፣ ዋጥኩት። ከአንዱ አቀበት ላይ ከንፈሯ ነጥቶ ቆመች። አለሙ በቅሎዋን አቀረበ። በላይነሽ የበቅሎዋን አንገት ዳበስ ዳበስ አድርጋ ገፋቻትና መንገዱን ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ቀስ ብለን፣ በእሷ እርምጃ ሄድን።

የእናቷ አጥር ሲታይ አለሙ ኮቴ እንዳይሰማ በቅሎዋን ራቅ አድርጎ አሰረ። በላይነሽ ላቧን ጠረገች፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ገባች።

እማማ ወለቴ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ ጭናቸው ላይ ሰፌድ አድርገው በእጃቸው እየዳሰሱ ቡና ይለቅማሉ። የእግሯ ድምፅ ግቢው መሃል ሲደርስ እጃቸው ቆመ። ማነው አላሉም። እኔ የሰሜን ሰዎች ልጅ ብሆንም ተወልጄ ያደግሁት ቦንጋ ነው፤ የአገሩን ቋንቋ፣ ካፊኖኖን፣ መናገሩ ያዳግተኛል እንጂ እሰማለሁ። በላይነሽ በቋንቋቸው «እማ፣ እኔ ነኝ» አለቻቸው።

አሮጊቷ እጃቸውን ዘረጉ። ተንበረከከችላቸው። ፊቷን ዳሰሱ፣ አዲስ የበቀለውን አጭር ፀጉሯን ዳሰሱ፣ ትከሻዋን፣ ክንዷን። ክንዷ ላይ ዘግየት አሉ። ከዚያ እጃቸው ደረቷ ላይ ወረደ፤ አንዱ ወገን ባዶ ነው።

«እናንተ የደበቃችሁኝ ይቺን ነው?» አሉ እማማ ወለቴ። «እኔ ሙሉሽን ቀብሬሽ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ይቸግረኛል። ሦስቱም ተቃቅፈው አለቀሱ፣ እኔም አጥር ይዤ አለቀስኩ። ትንሽ ሲረጋጉ አሮጊቷ ሁሉን ነገሩን። ልጄ ሞታለች ብለው ከወሰኑ ቆይተዋል። ጮኸው እንዳያለቅሱ አለሙ ያልነገረኝ አቅቶት ነው፣ ማወቄን ካወቀ ይብስ ይጨነቃል ብለው ለልጃቸው አዘኑ። እሱ ለእሳቸው ሲደብቅ እሳቸው ለእሱ ደብቀው፣ አንድ ጣራ ሥር ተቀምጠው ሁለት መኸር አሳልፈዋል። ይህን ሲጨርሱ ሐዘናቸው ወደ ቁጣ ዞረና ሦስታችንንም፣ የማያውቁኝን እኔን ጨምረው፣ ሰደቡን። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ሕመምም ሆነ ሞት የሚደበቅ የለም፣ በቀጥታ ይነገራል ብለው ሁላችንንም አስማሉን። መጨረሻ ላይ በላይነሽን እጇን ስበው «በይ አሁን ቁጭ በይ» አሏት።

ቁጭ አለች። ያን ቀን እንደ ልጅ ከእግራቸው ሥር፣ ጭናቸው ላይ ራሷን ጥላ፣ ማርና ቆጮ እየጎረሰች ተቀምጣ ዋለች። እንደዚያ ቀን መቀመጥ ያማረባት ጊዜ አላየሁም።

አድረን በማግስቱ ልንነሳ ስንል እማማ ወለቴ ዱላቸውን ፈለጉ። አለሙ ደነገጠ። እናቱ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ከደጃቸው አልፈው አያውቁም። በቋንቋቸው «በሞቴ ቁጭ በይ፣ ትወድቂያለሽ» አላቸው።

በላይነሽ «ተዋት፣ ትሸኘኝ» አለችው።

በደህናው ክንዷ ደገፈቻቸውና ወጡ። እስከ አጥሩ ሸኟት። ከአጥሩ እስከ ሾላው፣ ከሾላው እስከ ጅረቱ፤ አሮጊቷ በእግራቸው ድንጋዩን እየዳበሱ፣ በላይነሽ እርምጃዋን በእሳቸው ልክ አሳጥራ። ጅረቱ ዳር ተሳስመው ተለያዩ። እማማ ወለቴ ፊታቸውን አዙረው ጥቂት ሲራመዱ ግን በላይነሽ ቆማ አየቻቸውና ወደ እኛ ዞራ «ዓይኗ አያይ፣ ብቻዋን እንዴት ትግባ?» አለች። ተከትላ ያዘቻቸው። እስከ ቤት አደረሰቻቸው። ከዚያ ከሩቅ ስናይ እንደገና ሁለቱ ከአጥሩ ወጡ፤ አሮጊቷ ደግሞ ልጄ ብቻዋን አትሄድም ብለው ኖሯል።

እኔና አለሙ በቅሎዋን ይዘን ጅረቱ ዳር ጠበቅናቸው። ፀሐይዋ ከፍ ብላ ነበር፤ የቸኮለ ግን አልነበረም።